«ነብሮን ለማን ትተን እንሂድ?» ለደብረ ማርቆሷ ጠያቂ የእንስሳት ሐኪም ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከሆሳዕና ማግስት ጀምሮ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ቤተሰቡ በሙሉ አዲስ አበባ እናቴ ዘንድ ልንሰነብት አስበናል። ነብሮ የሚባል የአራት ዓመት ውሻና ሚሚ የምትባል ድመት አሉን። ነብሮ ቀን ይታሰራል፣ ሌሊት ይለቀቃል። የሚፈታውም የሚያስረውም ባለቤቴ ብቻ ነው። የጎረቤታችን ልጅ፣ 13 ዓመቱ ነው፣ ‹ምግቡን በአጥር እወረውርለታለሁ› ብሏል። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ማቻከል ገጠር ልውሰደው ይላል። ባለቤቴ ፈትተነው፣ ብዙ ምግብ አስቀምጠንለት እንሂድ ባይ ነው። ነብሮ ከእኛ ሌላ የማይጮኸው ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ በምታጥብልን ሴት ላይ ብቻ ነው። ወይስ ይዘነው እንሂድ? አምስት ሳምንት ቀርቶናል።»

መልስ፦

መልሱ ራሱ ጥያቄዎ ውስጥ አለ። በመሃል ጣል አድርገውት ያለፉት ነገር ነው፤ ነብሮ ልብስ በምታጥብላችሁ ሴት ላይ አይጮህም። ከዘረዘሯቸው አማራጮች ሁሉ የምመርጠው እሷን ነው። አዋቂ ናት፣ ግቢውን ታውቃለች፣ ውሻውም ሽታዋንና ድምጿን ለምዷል። ፈቃደኛ ከሆነች ለሁለት ሳምንቱ በቀን ሁለት ጊዜ እንድትመጣ፣ ከተቻለም ቤታችሁ እንድታድር ተነጋገሩና ደመወዟን ወስኑላት። «ትንሽ ነገር እናስብልሻለን» ብሎ በውለታ ማለፍ አይሆንም። ሥራ ነው፣ ኃላፊነትም አለበት።

ብዙ ሰው ለጉዞ ሲዘጋጅ የሚጨነቀው ምግቡን ማን ይሰጠዋል ብሎ ነው። በእኛ አካባቢ ግን ችግሩ ምግብ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ውሻን ኃይለኛ እንዲሆን አድርገን እናሳድጋለን፤ ቀን አስረን ሌሊት እንለቃለን፤ ከአንድ ሰው በቀር ማንም እንዳይቀርበው እናደርጋለን። ያ አንድ ሰው ቤት እስካለ ድረስ ነገሩ ይሠራል። የሄደ ቀን ግን ውሻው ወይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳይፈታ ይከርማል፣ ወይ ተፈቶ ይለቀቅና ውሃ ሊያቀብለው የሚመጣ ሰው በሩን መክፈት ያቅተዋል።

ምግብን በአጥር መወርወር ለምን እንደማይበቃ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርዎ። አንድ ዓመት ከጥምቀት በኋላ አንድ ሰው አምስት ወር ገደማ የሆነው ቡችላ ታቅፎ መጣ። ቤተሰቡ ሦስት ሳምንት ሄዶ ሲመለስ ውሻው ይሸት ነበር። ምግቡ አንድም ቀን አልተጓደለም፣ ጎረቤት በየቀኑ በአጥር ይወረውርለት ነበር። የሚቀርበው ሰው ግን አልነበረም። የታሰረው በናይለን ገመድ ነው። ቡችላ ያድጋል፣ ገመድ አያድግም። የአንገቱን ጠጉር በጣቴ ስገልጥ ገመዱ የለም። ቆዳው ውጦታል። ግማሽ ዙሪያው ላይ ቆዳው በገመዱ ላይ ገጥሟል፣ የቀረው መግል ይዟል። በማደንዘዣ አስተኝቼ ገመዱን በየቦታው እየቆረጥሁ ከሥጋው ውስጥ መዘዝሁት። ቁስሉ እንደ ቀበቶ አንገቱን ዞሮት ነበር። ውሻው ዳነ፣ ጠባሳው ላይ ግን ጠጉር አልበቀለም። በየሦስት ቀኑ አንድ ሰው እጁን አንገቱ ላይ አሳርፎ ቢያይ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። ነብሮ አዋቂ ውሻ ስለሆነ ይህ ላይደርስበት ይችላል፤ ሰንሰለት ሲጠማዘዝበት፣ እግሩ ሲቆስል፣ ቁስሉን ዝንብ ሲያርፍበት የሚያይለት ሰው ግን ያስፈልገዋል።

ስለዚህ አምስቱን ሳምንት ለርክክብ ተጠቀሙበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ውሻው እናንተ ባላችሁበት የማይጮህባት ሴት፣ እናንተ በሌላችሁበት በር ከፍታ ስትገባ ሌላ ሰው ልትሆንበት ትችላለች። ጠባቂ ውሻ ጌታው ሲርቅ ይበልጥ ይጠብቃል። አሁን ከቅዳሜው ሌላ በሳምንት ሁለት ቀን ትምጣ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ባለቤትዎ አጠገቧ ቆሞ እሷ የነብሮን ምግብ ታቅርብ፣ ስሙን እየጠራች። ዓይኑን ትኩር ብላ አትየው፣ ላዩ ላይም አትጎንበስበት፤ ጎኗን ሰጥታው ትቁም። በሁለተኛው ሳምንት ምግብ ስትሰጠው ባለቤትዎ ቤት ውስጥ ይሁን፣ ቀጥሎ ከግቢው ይውጣ። በሦስተኛው ሳምንት ሰንሰለቱን ማታ ፈትታ ጠዋት ታስረው፣ መጀመሪያ ባለቤትዎ ባለበት፣ ኋላ በሌለበት። ጠዋት ሲታሰር የሚያገኘው ነገር ይኑር፤ ቁርሱን የሚበላው ከታሰረ በኋላ ብቻ ከሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱ ወደ ሰንሰለቱ እየሮጠ ይመጣል።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ዘመድ ቤት እደሩ። ሁሉንም ነገር እሷ ብቻዋን ትሥራ። ካቃታት ገና ጊዜ አላችሁ። ይህችን አንዲት ሌሊት አትዝለሏት። ቤተሰቡ አባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ «ውሻው አላስገባኝም» የሚል ስልክ ሲመጣ እኔም ከዚህ ሆኜ የማደርገው ብዙ ነገር የለም።

መፍታትና ማሰሩ ጨርሶ ካልተሳካላት ሁለተኛ መንገድ አለ። ሁለት ምሰሶ ተክላችሁ ወፍራም ሽቦ ወጥሩ፣ ሽቦው ላይ ቀለበት አስገቡና ሰንሰለቱን ቀለበቱ ላይ እሰሩት። ውሻው ሽቦውን ይዞ ወዲያና ወዲህ ይሮጣል። ሰንሰለቱ ምሰሶው ላይ እንዳይጠመጠም ከየምሰሶው አንድ ሜትር ያህል ቀደም ብሎ ማገጃ ይኑረው፣ አጥር ላይም የሚያስወጣው ርዝመት አይኑረው። አጥር ዘሎ በሰንሰለቱ የተሰቀለ ውሻ አይቻለሁ። ከሽቦው ማዶ እሷ ሳትፈራ የምትቆምበት፣ ውሃና ምግብ የምታስቀምጥበት ቦታ ይተርፋል። ያም ሆኖ ከመፍታት ጋር አይወዳደርም። አማራጭ ሲጠፋ የሚደረግ ነው።

ወደ ልጁ ልምጣ። ቅን ልጅ ነው፣ አመስግኑት፤ ይህን ሥራ ግን ብቻውን አትስጡት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እብደት በተጠረጠረባቸው እንስሳት ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅ ሲነከስ «ይቆጡኛል» ብሎ ይደብቃል። የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ልጁ በር ላይ ሆኖ ሴትዮዋ መምጣት አለመምጣቷን ይይ፣ ካልመጣች ለእናቱ ይንገር። ይህም ትልቅ እገዛ ነው።

የነብሮ ክትባት ዓመት አልፎት ከሆነ በዚህ ሳምንት ይዛችሁት ኑ። ተከትቦ የማያውቅ ውሻ ሰውነቱ መከላከያውን እስኪያበጅ አንድ ወር ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ የጉዞው ዋዜማ ላይ የሚወጋ መርፌ ለዚህ ጉዞ አይደርስም። የክትባት ካርዱንም መሳቢያ ውስጥ ቆልፋችሁበት አትሂዱ፣ ለሴትዮዋ ስጧት። አንድ ሰው ቢነከስ ወዲያው ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጸበል የሚሄድ ሰው ይሂድ፣ አልከለክልም፣ ግን ጤና ጣቢያው ይቅደም። ውሻው አይገደል። ታስሮ 10 ቀን ይታይ። በ10 ቀን ውስጥ ካልታመመና ካልሞተ በነከሰበት ጊዜ ምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። በድንጋጤ ከተገደለ ይህን ማወቂያ መንገድ እናጣለን። ይህን ሁሉ አሁን፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጣችሁ ንገሯት።

ማቻከል መላኩን አልመክርም። የከተማ ጠባቂ ውሻ ገጠር ሲወርድ መጀመሪያ የሚገጥመው የመንደሩ ውሻ ነው፣ ቀጥሎ ጅብ። የገጠር ውሻ ጅብ ሲመጣ መቼ እንደሚጮህና መቼ ወደ ቤት እንደሚሸሽ እያየ አድጓል፤ ነብሮ ግን አያውቅም። ደግሞ በመጀመሪያው ሌሊት ገመዱን በጥሶ ወደ ማርቆስ ለመመለስ መሞከሩ አይቀርም። መንገድ ላይ ባለቤት የሌለው መስሎ የሚታይ ውሻ ብዙ ነገር ያገኘዋል። የመንገድ ውሾችን ለመቀነስ መርዝ የሚጣልባቸው ጊዜያት እንዳሉም ያውቃሉ። የባለቤትዎን ወንድም ሳታስቀይሙ «ሐኪሙ ከለከለን» በሏቸው።

ፈትቶ፣ ምግብ ከምሮ መሄድም እንዲሁ አይሆንም። የተከመረውን በሁለት ቀን ይጨርሳል፣ ካልጨረሰም ይሻግታል። ውሃው በመጀመሪያው ቀን ይደፋል። 22 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ውሻ በቀን ቢያንስ አንድ ሊትር ከሩብ ያህል ውሃ ያስፈልገዋል፣ በሚያዝያ ፀሐይ ደግሞ ከዚያ በላይ። ሁለት የውሃ ዕቃ ይኑረው፣ አንዱ ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ ይሁን። ሰንሰለት ሊገለብጠው አይችልም።

ይዞ መሄድን በተመለከተ፣ የሕዝብ አውቶቡስ ውሻ አይጭንም፤ የራሳችሁ መኪና ካላችሁ ይቻላል። ግን አስቡት። ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው። ከደጀን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው የአባይ ድልድይ ሲወረድ ሙቀቱ በአንድ ጊዜ ይለወጣል። ውሻ እንደ እኛ አያልብም፣ ሙቀቱን የሚያበርደው በማለክለክ ነው፤ በተዘጋ መኪና ውስጥ ማለክለክ ብዙም አይረዳውም። አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ እናትዎ ግቢ ውስጥ የማያውቃቸው ሰዎች እየገቡ እየወጡ በዓል ይከበራል። ሰው ለማይለምድ ጠባቂ ውሻ ያ ዕረፍት አይደለም። ቀላል፣ ሰው የሚወድ ትንሽ ውሻ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እነግርዎ ነበር።

አሁን ስለ ምግቡና ስለ ጊዜው። ጉዞው የወደቀው ሰሙነ ሕማማት ላይ ነው፤ ይህን ሰው ብዙ ጊዜ አያስበውም። ሉካንዳው ዝግ ነው። ሳንባና ጨጓራ አይገኝም፣ የጎረቤት ፍርፋሪም ሽሮና ምስር ነው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የበዛበት። ሽንኩርት በውሻና በድመት ደም ውስጥ ቀይ የደም ሴሎችን ይሰብራል። ስለዚህ የነብሮን ምግብ ከወጥ ለዩት። የበቆሎ ዱቄት ገንፎ ወይም ሩዝ፣ በደንብ የበሰለ የአተር ክክ፣ ላዩ ላይ የተቀቀለ እንቁላል፤ ጨው፣ በርበሬ፣ ሽንኩርት የለበትም። ከዛሬ ጀምራችሁ አሁን በሚበላው ላይ በሳምንት ውስጥ ቀስ እያላችሁ ቀይሩለት፣ በአንድ ቀን ከተለወጠ ያስቀምጠዋል። ሴትዮዋ በሕማማት እንቁላል መቀቀል ቅር ሊላት ይችላል፣ ይህን ከልብ አክብሩላት። ለነብሮ የራሱ ድስትና ማማሰያ ለይታችሁ ተዉለት፣ የእሷ ዕቃ አይነካካ። ይህን ቀድማችሁ ካላነሳችሁት እሷ በይሉኝታ እሺ ትልና ውሻው ሳምንቱን እንጀራ ብቻ ሲበላ ይከርማል።

ስቅለት ቀን ሴትዮዋ ቤተ ክርስቲያን ናት። ከጠዋት ጀምራ ስትሰግድ ትውላለች፣ ማታ 11 ሰዓት ገደማ ደክማ ትመለሳለች። ቅዳሜ ሌሊትም እንዲሁ ናት። እንድትቀር አትጠይቋት። ዓርብ ጎሕ ሳይቀድ ትመግበው፣ ውሃውን ትሙላ፣ ከሰዓት በኋላ የልጁ እናት አንድ ጊዜ ውሃውን ትይ። ጤነኛ ውሻ አንድ ቀን በአንድ ምግብ መዋል አይጎዳውም። ውሃ ማጣት ግን ይጎዳዋል።

ከሁሉ የምፈራው የፋሲካን ዕለት ነው። ከሁለት ወር ጾም በኋላ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት፣ ያልጠገበ ውሻ መንደር ውስጥ እንዳይኖር ያህል ከየአጥሩ አጥንት ይወረወራል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ቀናት ወደ እኔ የሚመጡት አብዛኞቹ ውሾች የሚያስመልሳቸውና የሚያስቀምጣቸው ናቸው፣ አንዳንዱም የዶሮ አጥንት ጉሮሮው ላይ ወይም አንጀቱ ውስጥ ቆሞበታል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ይሾላል። ዶሮ ወጥ ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። ለጎረቤቶቻችሁ ከመሄዳችሁ በፊት በአንደበታችሁ ንገሯቸው፣ በሩ ላይም «እባካችሁ ለውሻው ምንም አትወርውሩ» ብላችሁ ለጥፉ።

በጉና ቅርጫው ሲታረድ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሳንባ ወይም ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሲገኝ ብዙ ሰው ቆርጦ ለውሻ ይጥላል። ያ ከረጢት የትንሽ ትል እጭ ነው። ውሻው ከበላው ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ የትሉን እንቁላል በዓይነ ምድሩ ይጥላል፣ ያም በእጅና በአትክልት በኩል ወደ ሰው ሲገባ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል፣ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ይቀበር ወይም ይቃጠል። ፋሲካ ካለፈ ከአንድ ወር በኋላ ነብሮን ይዛችሁ ኑ፣ ክብደቱን መዝኜ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል ኪኒን እሰጠዋለሁ። በተለይ ግቢያችሁ ውስጥ ልጆች ካሉ ይህን ችላ እንዳትሉት።

ሚሚን ከቤቷ አታውጧት። ድመት ሌላ ቤት ስትወሰድ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሌሊት ትወጣለች፣ ወደ ቀድሞ ቤቷ ስትመለስም መንገድ ላይ ትጠፋለች። አንድ ክፍል፣ የምትወጣበት የምታውቀው ቀዳዳ፣ ውሃ፣ የተኛችበት ጨርቅ ሳይታጠብ፤ ሽታው ያረጋጋታል። ውሻ በክክና በእንቁላል ይከርማል፣ ድመት ግን ያለ ሥጋ አትኖርም። ከጣና የሚመጣ ዓሣ ካገኛችሁ ተቀቅሎ አጥንቱ ይለቀም፣ ካልሆነ የታሸገ ቱና ዘይቱ ተጠልሎ ከሩዝ ጋር። ሽንኩርትን በተመለከተ ከውሻ ይልቅ ለእሷ ተጠንቀቁ፤ 3 ኪሎ ለምትመዝን ድመት 15 ግራም ያህል ሽንኩርት በቂ ጉዳት ነው። ሴትዮዋ ደግሞ አንድ ነገር ትያዝ፤ ሚሚ ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ ካልቀመሰች «ናፍቋት ነው» ብላ አትጠብቅ፣ ትደውልልኝ። ድመት ምግብ ስታቆም ጉበቷ በስብ ይሞላል፣ ወፍራም ስትሆን ደግሞ ይፈጥናል። ለበዓል ቤት የሚያጸዳ ጎረቤት የአይጥ መርዝ ያስቀምጥ እንደሆነም ጠይቁ።

ገንዘብና ስልክን በሚመለከት፣ ሕክምና ቢያስፈልግ የሚበቃ ገንዘብ ለሴትዮዋ ለብቻው ስጧት፣ እስከ ስንት ሳትጠይቅ ማውጣት እንደምትችልም ንገሯት። የታመመ እንስሳ ይዛ መጥታ «ባለቤቶቹን ልጠይቅ» እያለች፣ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ ቀኑ የሚመሽባት ሰው ታሳዝነኛለች። መንገድ ይዘጋል፣ መኪናም ይጠፋል፤ ስለዚህ ምግቡንም ደመወዙንም ከሁለት ሳምንት ይልቅ ለሦስት አስቡት። ከናንተ ሌላ ውሳኔ መስጠት የሚችል አንድ ሰው እዚሁ ማርቆስ ውስጥ ይኑር።

ስትመለሱ እሷ ግቢው ውስጥ ትኑር። ሰንሰለቱን እሷው ለባለቤትዎ ታቀብለው። ሁለት ሳምንት ያየችውን፣ ምን እንደተወ፣ የት እንዳነከሰ፣ ስንት ጊዜ እንዳስቀመጠው፣ ተቀምጣችሁ ጠይቋት፣ ገንዘቧንም የዚያኑ ቀን ስጧት። ከዚያም በኋላ በሳምንት አንድ ቀን የነብሮን ምግብ እሷ ትስጠው፤ ለሚቀጥለው ጉዞ ርክክቡን ከዜሮ አትጀምሩም።